ለምን ተመልሳ ተሳፈረች?

ዛሬ ስለ ደመወዝ እናወራለን ብዬ ነበር። አናወራም። ለሚቀጥለው ይሁን። አዎ፣ ባለፈውም «ለሚቀጥለው» ብያለሁ። ታውቁኛላችሁ።

ቅዳሜ የሆነውን ላውራውና ይውጣልኝ። ያው የተለመደው ቤት፣ የተለመዱት ሰዎች። ሊቁም ነበር። «በፖድካስትሽ ስሜን እንዳታነሺ» ስላለኝ ነው ሊቁ የምለው። ዶክተር መሆኑን ግን ንገሪልኝ ብሏል። ነግሬላችኋለሁ።

ወሬው ስለ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ነበር። አንዱ ኦልብራይትን ይጠራል፣ አንዷ ጎልዳ ሜየርን ትጠራለች። እኔ ደግሞ ኤልዛቤት ባጋያ አልኩ። የኡጋንዳዋ። የቶሮዋ ልዕልት። ሊቁ የጎረሰውን ሳይውጥ «እ፣ የሽንት ቤቷ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ስብከቴን ጀመርኩ። ስለ ካምብሪጅ ሰበክሁ። ስለ ጥብቅናዋ ሰበክሁ። የሽንት ቤቱን ወሬ የያኔው የኡጋንዳ አምባገነን ኢዲ አሚን ስሟን ለማጥፋት እንደፈጠረው፣ ያራገቡትን ጋዜጦች ከስሳ እንደረታች፣ ምኑ ቅጡ። ሁሉም ዝም አለ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ ብሎኛል። ሊቁ ተነሥቶ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ ያለ ምንም ፌዝ፣ «እሺ፣ ውሸት ነው። ግን ለዚያ ሰውዬ ለምን ሠራችለት?» አለኝ።

አፌ ተያዘ።

ከዚያ ወዲህ ከሊቁ ጋር በሐሳቤ እከራከራለሁ። ጥርሴን እየቦረሽኩ እመልስለታለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እመልስለታለሁ። የምመልስለት መልስ ደግሞ ከታክሲ ስወርድ ውሃ አይቋጥርም።

እስቲ አብረን እንየው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና የተሾመችው በ1974 ፌብሩዋሪ ነው። በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ አትደናገሩብኝ። ወንበሩ ላይ ከእሷ በፊት የነበረው ማይክል ኦንዶጋ ነው። እሱ ተነሣ፣ እሷ ገባች። ብዙም ሳይቆይ የሰውዬው አስከሬን ወንዝ ላይ ተንሳፎ ተገኘ። ዓባይ ላይ፣ የእነሱ በኩል፣ ነጩ። ከኦንዶጋ በፊት ደግሞ ዋኑሜ ኪቤዲ ነበር፣ የአሚን ሚስት የማሊያሙ ወንድም። አማች ማለት ነው። አማችየው በ1973 ሥራውን ለቆ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በዓመቱ ለአሚን ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ግድያውን አንድ በአንድ ዘረዘረበት።

እንግዲህ ወንበሩ ይሄ ነው። አንዱ ሸሽቷል፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ ነው። ሦስተኛዋ እሷ ናት።

እና ማን እንደሆነች ደግሞ አስቡ። አማራጭ ያጣች ሰው አይደለችም! አባቷ የቶሮ ንጉሥ ሩኪዲ ሦስተኛ ናቸው። እዚያው ኡጋንዳ፣ ጋያዛ የሚባል ትምህርት ቤት ተማረች፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ሸርቦርን የሚባል የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳት። ከመላው ትምህርት ቤቱ ጥቁር እሷ ብቻ። እኔ ብወድቅ የሚወድቀው የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነው የሚል ሸክም ነበረብኝ ብላ ጽፋለች። በዚያ ዕድሜ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ የነበረብኝን ሸክም ታውቁታላችሁ፣ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፣ አሁን አልመለስበትም። ከዚያ ካምብሪጅ። በ1965 በእንግሊዝ አገር የጥብቅና ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ የምሥራቅ አፍሪካ ሴት ሆነች። ወንድሟ ሲነግሥ ደግሞ ባቴቤ ተባለች። ባቴቤ የንጉሡ እህትም አማካሪም ናት፤ እንደ ጌጥ የሚሰጥ ማዕረግ አይደለም።

በ1967 ፕሬዚዳንቱ ኦቦቴ ንጉሥ የሚባል ነገር ከኡጋንዳ አጠፋ። የቶሮም፣ የቡጋንዳም፣ ሁሉም። እሷ ለንደን ሄዳ ሞዴል ሆነች። የእንግሊዟ ልዕልት ማርጋሬት ለአንድ የበጎ አድራጎት የፋሽን ትርኢት ጋብዛት ነው የጀመረችው። ከዚያ ኒውዮርክ። በ1969 የሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። ፎቶዎቿን አይታችኋል? ካላያችሁ ፈልጉ። አንገቷ ብቻውን...

እሺ፣ ይሄ ርዕሳችን አይደለም። ግን ነው ደግሞ! ምክንያቱም ስለ እሷ ሲወራ ወይ አንገቷ ነው ወይ ሽንት ቤቱ። ጠበቃዋ የት ሄደች? አየሽ ሊቁ... አየህ። ተናድጄ ጾታውን ለወጥኩት። ኤዲት አላደርገውም፣ ይኑርለት።

ወደ ጥያቄው። በ1971 ጃንዋሪ አሚን ኦቦቴን ገለበጠ። እዚህ ጋ እረዳታለሁ፣ ሙሉ በሙሉ። የአባትሽን ቤት ያፈረሰውን ሰው የገለበጠልሽ ወታደር ነው። በዚያ ላይ አሚን ስደት ላይ የሞቱትን የቡጋንዳን ንጉሥ የሙቴሳን አስከሬን ከለንደን አስመጥቶ በክብር አስቀበረ። ሕዝብ ያለቀሰለት ጉዳይ ነው። እኔም በዚያ ቀን ካምፓላ ብሆን አጨበጭብ ነበር መሰለኝ። ተዘዋዋሪ አምባሳደር ሁኚ አላት፣ ሆነች። እስከዚህ ድረስ ምንም አልከራከርም።

ግን በ1972 ኡጋንዳ ውስጥ ያሉትን እስያውያን በ90 ቀን ውጡ አለ። ተወልደው ያደጉበትን አገር። ሱቁን፣ ቤቱን፣ ፋብሪካውን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የአገሪቱን ዋና ዳኛ ቤኔዲክቶ ኪዋኑካን ከፍርድ ቤቱ፣ ከቢሮው፣ ጎትተው ወሰዱት። አልተመለሰም። ዋና ዳኛ እኮ ነው! እሷ ጠበቃ ናት። ሌላው ሰው ባይገባው ለእሷ ሊገባት አይገባም ነበር?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በ1974 እሺ ያለችው።

እዚህ ላይ ለአክስቴ የድምፅ መልእክት ላኩላት። ያቺው አክስቴ፣ ጡረተኛዋ፣ ይህን ፖድካስት በፍጥነት የምታዳምጠው፣ «ሲፈጥን ብልህ ትመስያለሽ» የምትለኝ። ታሪኩን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፣ የሽንት ቤቱንም ጭምር። መልሷ ሲመጣ ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ቃል የለበትም። «የካቲት 66 ነው የተሾመችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንዲያማ ከሆነ ያን ጊዜ ማን ምን ያውቃል» ብላ ተነፈሰች። አክስቴ ስትተነፍስ ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ በኋላ ነው ቀኑን ያስተዋልኩት። እሷ ካምፓላ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ እዚህ ታክሲው ቆሞ፣ አስተማሪው አድሞ፣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራ ለቀቀ። አክሊሉ ደግሞ እኮ ራሳቸው ለዓመታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ሥልጣን ለቀው አገር ጥለው አልሄዱም። ሚያዝያ ላይ ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ከስልሳዎቹ ጋር ተረሸኑ። በዚያው ኅዳር ነው አሚን እሷን ያባረራት። ወሩ ከወሩ፣ መግቢያው ከመውጫው ይገጥማል። ይሄ ምን እንደሚያስረዳ አትጠይቁኝ። ምንም አያስረዳ ይሆናል። ግን አክስቴ «ማን ምን ያውቃል» ስትል በሬዲዮ የሰማችውን እያሰበች ነው፣ እሱን አውቃለሁ። በዚያ እሑድ ጠዋት ሬዲዮውን ያጠፋችው አያቴ ናት። ይሄን ሌላ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ።

ሬዲዮ ካልኩ አይቀር። አሚን ሦስት ሚስቶቹን በአንድ ቀን በሬዲዮ ፈታ። በ1974 ማርች፣ እሷ ሥራ በጀመረች በማግስቱ ማለት ይቻላል። ከሦስቱ አንዷ ኬይ ናት። በኦገስት የኬይ ሬሳ ተቆራርጦ ተገኘ። ኦገስት። ይሄ ወር አይለቀኝም። ምክንያቱም ቀጣዩ ወር ሴፕቴምበር ነው፣ በሴፕቴምበር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይከፈታል፣ ኤልዛቤት ባጋያም ኒውዮርክ ሄዳ በኡጋንዳ ስም ንግግር አደረገች።

በዚያው ዓመት ደግሞ ዓለም አቀፉ የሕግ ባለሙያዎች ኮሚሽን በኡጋንዳ ስላለው ግድያ ሪፖርት አዘጋጅቶ ለተባበሩት መንግሥታት ልኳል። የሕግ ባለሙያዎች። ማለትም የእሷ ሰዎች፣ የሙያ ባልደረቦቿ። ወረቀቱ እዚያው ድርጅት ገብቷል። እሷም እዚያው ድርጅት መድረክ ላይ ቆማለች።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ፍትሐዊ ልሁን፣ አሚን ያን ዓመት የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ራሱ! የጠፉትን ያጠፋው ራሱ ሆኖ አጣሪ ሾመ። ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን ውስጡ ያለ ሰው «አየህ፣ እየተሻሻለ ነው» ብሎ ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ዓይነት ገለባ መያዝ የማያውቅ ተቀጣሪ አለ? እኔ ያንን አለቃዬን «በዚህ ሳምንት ሰላም አለኝ እኮ» ብዬ ስንት ጊዜ ተከላከልኩለት? ሰላም ስላለኝ! ... የእኔ አለቃ ሰው አልገደለም፣ እሺ። አይነጻጸርም። አውቃለሁ።

አሁን ወደ ኤርፖርቱ።

የአሚን ክስ እንዲህ ነው። ከኒውዮርክ ስትመለስ ፓሪስ፣ ኦርሊ ኤርፖርት፣ ሽንት ቤት ውስጥ ከአንድ ነጭ ጋር ተገኝታለች። ለዓለም አወጀው። በኖቬምበር አባረራት፣ የቁም እስር ተፈረደባት። ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ስላለችው ነው የሚሉ አሉ። ምክንያቱ ያም ሆነ ሌላ፣ የመረጠውን መሣሪያ ተመልከቱ። ወንዱን ሚኒስትር ወንዝ ውስጥ ጣለው። ሴቷን ሽንት ቤት ውስጥ ከተታት። ለእሷ ጥይት አላስፈለገውም። ይኸው ከ50 ዓመት በኋላ፣ አሚን ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት፣ አንድ ዶክተር ቅዳሜ ዕለት እየጎረሰ ያስፈጽምለታል።

ሁሉም ሰው ታዲያ ኦርሊ ሲባል የሚያየው ሽንት ቤቱን ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። በሩን። የመሳፈሪያውን በር።

እስቲ አስቡት። ኒውዮርክ ናት። የምታውቀው ከተማ፣ ፊቷ የሚታወቅበት ከተማ። ለንደን ብትሄድ የጥብቅና ማዕረግ አላት። ኪቤዲ እዚያው እንግሊዝ አገር ተቀምጧል፣ ሸሽቶ መኖር እንደሚቻል በዓይኗ ታየዋለች። ኦንዶጋ ሞቷል። ኬይ ሞታለች። ቦርሳዋን ይዛ፣ የዲፕሎማት ፓስፖርቷን ይዛ፣ ወደ ኡጋንዳው ኤርፖርት፣ ወደ ኢንቴቤ፣ በሚሄደው መንገድ ላይ ናት። በፓሪስ በኩልም ይሁን በሌላ፣ ተሳፈረች። ገባች። ተመልሳ አገሯ ገባች!

ለምን?

አክስቴ በሁለተኛው መልእክቷ «ቤተሰብ የላትም?» አለችኝ። አላት። ወንድም አላት፣ ዘመድ አላት፣ ቶሮ ሙሉ ሕዝብ አላት። ሸሽታ ብትቀር ማን ይከፍል ነበር? ይሄ ጥሩ መልስ ነው። ለግማሽ ቀን ያህል በዚህ መልስ ተረጋግቼ ነበር። ከዚያ ደግሞ ኪቤዲ ትዝ አለኝ። እሱም ቤተሰብ ነበረው። እህቱ የአሚን ሚስት ናት! እሱ ግን ቀረ።

ሁለተኛው መልስ፣ የንጉሥ ልጅ ናት። ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደገ ሰው የገዢ ቁጣ ወረት እንደሆነ ያምናል ይሆናል። ዛሬ ይነድዳል፣ ነገ ይበርዳል። እኔን ደግሞ አይነካኝም፣ እኔ ሌላ ነኝ። ይሄ ሐሜት ነው፣ አላወራውም... አወራሁት።

ሦስተኛው ነው የሚያስፈራኝ። ሥራ ነበረባት። በቃ። ሪፖርት ማቅረብ አለባት፣ ሻንጣዋ ውስጥ ፋይል አለ፣ ሰኞ ስብሰባ አለ። ሰው ሁሉ ታሪክ ፊት የቆመ ይመስለናል። ሰውየው ግን ስለ ፋይሉ እያሰበ ነው። ትልቁ ውሳኔ ሳይወሰን አለፈ፣ ምክንያቱም ውሳኔ አይመስልም ነበር፤ በረራ ነው የሚመስለው።

ይሄኛውን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል። ምክንያቱም እውነት የሚመስለኝ እሱ ነው። ወይም ስለ እኔ እውነት ስለሆነ ይሆናል። ስለ እሷ ምን አውቄ?

አንድ ነገር ልጨምርና። ወሬው በጣም አስቀያሚ ስለሆነ ጥያቄውን ዋጠው። ገባችሁ? እኛ እሷን የምንወዳት ሰዎች ተነሥተን ስለ ሽንት ቤቱ እንከራከራለን። አልሆነም፣ ውሸት ነው፣ ከስሳ ረታች። ትክክል ነን። በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ያሉ ጋዜጦችን ከስሳ ረታለች። ግን እዚያ ስንከራከር ስለ ንግግሩ አናወራም። ስለ 90 ቀኑ አናወራም። አሚን ሊያጠፋት የፈጠረው ውሸት ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ጋረዳት። ይሄን ለሊቁ ልነግረው አስቤ ተውኩት። «አላልኩሽም?» ይላል። ሲል ይታየኛል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ።

ደግሞ ይገርመኛል፣ ኪቤዲን ማን ይጠይቀዋል? እስከ 1973 ድረስ ሚኒስትር ነበር። እስያውያኑ ሲባረሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እሱ ነው! ለዓለም ያስረዳው እሱ ነው። በኋላ ደብዳቤ ጻፈ፣ ጎበዝ፣ ሰው ሲጽፍ እወዳለሁ። ግን ኪቤዲ ሲባል «ለምን ሠራለት?» የሚል አልሰማሁም። እሷ ስትጠራ ግን ሁላችንም መርማሪ ፖሊስ ነን። እኔን ጨምሮ፣ ይኸው ስንት ደቂቃ ሙሉ እየመረመርኳት ነው። ሻይ እንኳን ሳልጠጣ። «ስትጠጪ ማይክሮፎኑ ይሰማል» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ደስ ይበላችሁ።

ከዚያማ በ1975 ፌብሩዋሪ አመለጠች። ድንበር አቋርጣ ኬንያ ገባች፣ ከዚያ እንግሊዝ። ሙሉውን የማምለጥ ታሪክ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የዛሬው ጉዳዬ መውጣቷ ሳይሆን መግባቷ ነው። አሚን በ1979 ወደቀ። አብራሪ አገባች። በ1986 ሙሴቬኒ ሥልጣን ሲይዝ በዩናይትድ ስቴትስ አምባሳደር አድርጎ ሾማት። እሺ አለች! እንደገና! በዚያው ዓመት ባሏ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እሷ ግን ሥራውን ቀጠለች። በኋላ ጀርመን፣ በኋላ ናይጄሪያ። ንግሥናው ሲመለስና የወንድሟ ልጅ ኦዮ በሦስት ዓመቱ ዘውድ ሲጭን ደግሞ ከሞግዚቶቹ አንዷ እሷ ነበረች። የሦስት ዓመት ልጅ ዙፋን ላይ! ቪዲዮውን ፈልጉ፣ ከዙፋኑ ተንሸራቶ ሊወርድ ይሞክራል ይላሉ።

ምን ልል ነበር? አዎ። እኔ ብሆን ከኦርሊ በኋላ፣ ከቁም እስሩ በኋላ፣ መንግሥት የሚባል መሥሪያ ቤት በር አልረግጥም ነበር። ወይ እረግጥ ነበር። ሲጠሩሽ ደስ ይላል እኮ። «አገርሽ ትፈልግሻለች» ሲሉሽ። ያንን ዓረፍተ ነገር ማን ይቋቋመዋል? አሚንም ያንኑ ብሏት ይሆናል፣ ሙሴቬኒም ያንኑ። እና እሷ ሁለቴም...

አላውቅም። ሊቁ ይህን ክፍል ያዳምጠዋል፣ መልስ የለሽም ብሎ ይደውልልኛል። ይደውል።

ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል፣ አሁን እያወራሁ ነው የመጣልኝ። ኦንዶጋ። ይኼን ሁሉ ሳወራ ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ ስሙን ጠራሁት፣ ሁሌም እሷን ለማስረዳት። «ወንዝ ውስጥ የተገኘው።» እሱም እኮ ለአሚን ሠርቷል፣ ያንኑ ወንበር ይዞ። ስለ እሱ ቀልድ የለም፣ ሐሜት የለም፣ ለምን ሠራለት የሚልም የለም። የሞተ ሰው አይጠየቅም ማለት ነው? እሷም ብትሞት ኖሮ ዛሬ... ቆይ፣ ይሄ ሌላ ክፍል ነው መሰለኝ። ወይስ ያው ነው?